ድሬዳዋ ላይ ለጎዳና ልጆች መጠለያ መክፈት፦ ከአልጋው በፊት የሚሠራው ሥራ

ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለ የጸሎት ማኅበር ገንዘብ ያዋጣል። ድሬ ላይ ሰፊ ግቢ ይከራያል፣ ሠላሳ አልጋ ይገዛል፣ በሳምንት ውስጥ ሠላሳ ልጅ ይሰበስባል። በሁለተኛው ወር ግማሾቹ ጎዳና ላይ ናቸው። በዓመቱ ኪራይ መክፈል ያቅትና ቤቱ ይዘጋል። የቀሩት ልጆች ለሁለተኛ ጊዜ ይጣላሉ። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። አንዴም እኔው ውስጡ ነበርኩ።

የሚሳሳቱት ሰዎች ክፉ አይደሉም። ቅደም ተከተሉን ይገለብጡታል እንጂ። ቤት ይቀድማል፣ ልጁን ማወቅ ይከተላል፣ ቤተሰብ መፈለግ ጭራሽ ይረሳል። እዚህ ያለው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሹ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ማኅበርም ለመስጊድ ጀማዓም ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ሦስት ወር መንገድ ላይ

ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውጡ። ቀንና ሰዓታችሁ አይቀያየር። ለምሳሌ ማክሰኞና ዓርብ፣ ንጋት 12 ሰዓትና ከምሽቱ 2 ሰዓት። እነዚህ ልጆች "ነገ እመጣለሁ" ብሎ የመጣ ሰው ብዙ አያውቁም። ባላችሁት ሰዓት መገኘት ብቻውን ትልቅ ሥራ ነው።

ከሁለቱ አንዱ አፋን ኦሮሞ የግድ ይቻል። ሶማሊኛ የሚችል ሦስተኛ ሰውም በቅርብ ይኑራችሁ። ብዙ ልጆች የሚመጡት ከሐረርጌ ገጠር ነው። በአማርኛ ስሙን ስትጠይቁት የጎዳና ስሙን ይነግራችኋል። በእናቱ ቋንቋ ሲጠየቅ ግን እናቱ ያወጣችለት ስም ይወጣል።

ቀፊራ ገበያው ሲበተን፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር፣ ታይዋን ገበያ፣ መናኸሪያው፣ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ፤ እዚያ ታገኟቸዋላችሁ። ውሃ፣ ሳሙና፣ ፋሻና ደብተር ያዙ። ገንዘብ አታድሉ። ስልካችሁን አውጥታችሁ ፎቶ አታንሱ።

ደብተሩ ላይ ይህን ጻፉ፦

1. ማታ የት ያድራል? ቀን ሊስትሮ የሚሠራ ሁሉ የጎዳና አዳሪ አይደለም። ብዙዎቹ ማታ ቤት ይገባሉ። እነሱን ወደ መጠለያ ማስገባት ከቤተሰባቸው መንጠቅ ነው።
2. ከየት መጣ? ለብቻው ወይስ ከደላላ ጋር? ድሬ ወደ ጅቡቲ የሚሻገሩ ልጆች መተላለፊያ ናት። መንገድ ላይ የቀረ ልጅ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ለፖሊስ መድረስ አለበት።
3. ከመጣ ስንት ጊዜው ነው?
4. ከማን ጋር ይውላል? አለቃው ማነው?

ሦስተኛውን ጥያቄ አትለፉት። በዚህ ሳምንት የመጣ ልጅ በቀላሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዓመት የቆየው ሌላ ሰው ሆኗል። ስለዚህ አዲስ ገቢዎችን አስቀድሙ። በቁልቢ ገብርኤል ሰሞን፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 አካባቢ፣ መናኸሪያው ላይ ሰው ጨምሩ። በዚያ ግርግር ከዘመዱ ተለይቶ የሚቀር ልጅ አይጠፋም።

ማስጠንቀቂያ። ማስቲሽ የሳበ ልጅ አታሳድዱ፣ አታስደንግጡ፣ ከእጁ አትቀሙ። ሙጫው ውስጥ ያለው ኬሚካል የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። በዚያ ላይ ድንጋጤና ሩጫ ሲጨመር ልጁ ሊሞት ይችላል። ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ዝግ ብላችሁ አውሩ። ራሱን ከሳተ አየር ወዳለበት አውጡት፣ በጎኑ አስተኙት፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። ክረምትና በልግ ላይ የደቻቱ አሸዋ ላይ የተኛ ልጅ ካገኛችሁ ቀስቅሱት። ድሬ ሰማዩ ጥርት ብሎ ደጋው ላይ ይዘንባል፤ ውሃው ሌሊት ይደርሳል። በ1998 ክረምት ከ200 በላይ ሰው የፈጀው ጎርፍ በሌሊት ነው የመጣው።

ልጆቹ ገና ሲያዩዋችሁ ቢሸሹስ? አለቃቸውን ፈልጉ። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው። መጀመሪያ እሱን ሰላም በሉ፣ ማን እንደሆናችሁ ንገሩት፣ ቁስል ካለው እጠቡለት። ገንዘብ ከጠየቀ አትስጡ። እሱን ዘልላችሁ ትንንሾቹን ካናገራችሁ ግን ማታ የሚመቱት እነሱ ናቸው።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ የቀን ቤት

ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከመስጊዱ ግቢ አንድ ክፍልና አንድ ቧንቧ ለምኑ። በሳምንት አራት ቀን፣ ጠዋት ብቻ ክፈቱ። ገላ መታጠቢያ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ቁርስና ቁስል የሚያይ ነርስ ይኑር። ሌላ ነገር አትጨምሩ።

የቀን ቤቱ እናንተን ይፈትናል። ስድስት ወር በሰዓቱ መክፈት ካቃታችሁ ሌሊትም ቀንም የሚሠራ ቤት አትችሉም። ይህን በጊዜ ማወቅ ለልጆቹም ይበጃል። ደግሞም ብዙ ልጅ አልጋ ሳያስፈልገው ከዚህ በቀጥታ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ደረጃ 3፦ ወረቀቱ

የሃይማኖት ተቋም በአምልኮ ሥራው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አይገዛም። የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲያቋቁም ግን ድርጅቱ በራሱ ስም መመዝገብ አለበት። "የቤተ ክርስቲያኑ ማኅተም ይበቃል" የሚሏችሁን አትስሙ። ማኅተሙ ላይ ብቻ የቆመ ቤት አስተዳዳሪው ሲቀየር ይፈርሳል።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አገር በቀል ድርጅት ነው፤ ኢትዮጵያውያን፣ አገር ውስጥ የሚኖሩ የውጭ ዜጎች ወይም ሁለቱ አንድ ላይ ያቋቁሙታል። ሁለተኛው የውጭ ድርጅት ነው፤ ባላችሁበት አገር ሕግ ተቋቁሞ እዚህ ይመዘገባል። ለዚህኛው የተረጋገጠ የምሥረታ ሰነድ፣ የኤምባሲ የድጋፍ ደብዳቤና ለአገር ውስጥ ተወካይ የተሰጠ ውክልና ያስፈልጋል። ለአነስተኛ ቤት የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ውሳኔው ድሬ ላይ ይቀራል። ልጅ ሲታመም የሰዓት ልዩነት ቆጥሮ ፈቃድ የሚጠብቅ አይኖርም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. መሥራቾቹ ይሰብሰቡ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ውጭ ያለ ሰው ውክልናውን በኢትዮጵያ ኤምባሲ አረጋግጦ ይላክ፤ እዚህ ደግሞ በውጭ ጉዳይ በኩል ይለፍ።
2. መተዳደሪያ ደንብ ጻፉ። ልጅ የሚቀበለው ማን እንደሆነ፣ ቤቱ ቢዘጋ ልጆቹ የት እንደሚሄዱ በግልጽ ይቀመጥ።
3. በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ተመዝገቡ።
4. ድሬዳዋ ላይ የሕፃናትን ጉዳይ ከያዘው ቢሮ ጋር የፕሮጀክት ስምምነት ፈርሙ። ያለዚህ አንድም ልጅ አታሳድሩ።
5. ለፖሊስ የሕፃናት ጉዳይ ክፍል በደብዳቤ አሳውቁ። የሚገባ ልጅ ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ይመዝገብ።

ቢሮው የሚያየው የአማራጭ ሕፃናት ክብካቤ መመሪያውን ነው። መመሪያው ከ2001 ጀምሮ የሚለው ቀላል ነው፦ ቤተሰብ ይቅደም፣ ከዚያ ዘመድ፣ ከዚያ ሌላ ቤተሰብ፣ ተቋም የመጨረሻው ይሁን። ዕቅዳችሁ ላይ "ለአካለ መጠን እስኪደርሱ እናሳድጋለን" ብላችሁ ከጻፋችሁ መልሰው ይሰጧችኋል። ልክም ናቸው።

ውጭ ላሉ ደጋፊዎቻችሁ ከመጀመሪያው ቀን ንገሩ፦ የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 በሕግ ቆሟል። "አንዷን ልጅ ልውሰዳት" የሚል ደግ ሰው ሁሌም አይጠፋም። መልሱ አይቻልም ነው።

ደረጃ 4፦ ገንዘቡ

ለ12 ልጆች የ18 ወር ወጪ ባንክ ሳይገባ በር አትክፈቱ። በቃል የተገባ ስጦታ አይቆጠር። በጀቱን በብር ሥሩ፣ በየሦስት ወሩ ከልሱ። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር ብቻ የሚያስብ ማኅበር ገበያውን ሳያውቀው ይቀራል።

የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳያልፍ ሕጉ ይከለክላል። ከልጆቹ ጋር የሚውሉና የሚያድሩ ሠራተኞች ደመወዝ የፕሮጀክት ወጪ ነው። መዝገባችሁን ገና ሲጀመር እንደዚያ ለይታችሁ ያዙት። ኋላ ላይ ማስተካከል ራስ ምታት ነው።

አንድ የወጪ መስመር ሁልጊዜ ይረሳል፦ ቤተሰብ ፍለጋ። ትራንስፖርት፣ የስልክ ካርድ፣ የአዳር ወጪ፣ ለተመለሰው ልጅ ቤተሰብ መነሻ የሚሆን ገንዘብ። ከበጀቱ ሩቡን ለዚህ መድቡ።

ደረጃ 5፦ ቤቱ

ከ12 አልጋ አትበልጡ። ወንድና ሴት ልጆችን በአንድ ግቢ አታኑሩ። ሴት ልጅ ጎዳና ላይ ብዙ አትታይም፤ ገና ከመናኸሪያ ደላላ ይወስዳታል። ለሴቶች የምትሠሩ ከሆነ ቤቱም ሠራተኛውም ሌላ ይሁን።

ግቢው ሰፈር ውስጥ ይሁን፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ በእግር ይደረስ። ከጫት ተራና ከመጠጥ ቤት ይራቅ። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ወደ ሰፈሩ እድር ሂዱ። "ሌባ ልታመጡብን ነው?" ይሏችኋል። አትቆጡ። የኃላፊውን ስልክ ለጎረቤት ሁሉ ስጡ፣ የእድር አባል ሁኑ፣ ለቅሶ ድረሱ። ከሁለት ለቅሶ በኋላ ሰፈሩ የእናንተ ጠባቂ ይሆናል።

የድሬን ሙቀት አትርሱ። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ግንቦትና ሰኔ ላይ ምድጃ ነው። ማንም አይተኛበትም። ጥላ ያለው ግቢ፣ ኮርኒስና ቬንትሌተር ያስፈልጋል። ልጆቹ ግቢ ውስጥ ማደር ከፈለጉ አጎበር ስቀሉላቸው።

ውሃ ይቆራረጣል፤ ቢያንስ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አስቀምጡ። ሮቶውንም በርሜሉንም ጀሪካኑንም ክደኑ። በ2011 መጨረሻ ከተማዋን ያዳረሰውን ቺኩንጉንያ የተባለ የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትፈለፈለው እንዲህ ባለ የቤት ውሃ ውስጥ ነው። ከተማ የለመደችው የወባ ትንኝም እንደዚያው። ልጅ ሲያተኩሰው ፓራሲታሞል ብቻ ስጡ፣ ለምርመራ ውሰዱ። ዴንጊ (ይኸም በትንኝ የሚተላለፍ ትኩሳት ነው) አለመሆኑ ሳይታወቅ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ አትስጡ፤ መድማት ያባብሳሉ።

ደረጃ 6፦ ሠራተኛ

ለስድስት ልጅ አንድ ሰው። ሌሊት ሁሌም ሁለት ሰው። ከፖሊስ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ሳያመጣ ማንም አይቀጠር፤ ቄስም ይሁን ኡስታዝ፣ የመሥራቹ ወንድምም ቢሆን። አዋቂ ሰው ከልጅ ጋር በተዘጋ በር ብቻውን አይቀመጥ። ልጅን መምታት በመጀመሪያው ቀን ከሥራ ያሰናብት። ይህን አስፈርሙ።

ከውጭ ለሁለት ሳምንት የሚመጣ እንግዳ ከልጆቹ ጋር አይደር። ያቅፋል፣ ያለቅሳል፣ ይሄዳል። ልጁ ደግሞ አንድ ተጨማሪ የሄደ ሰው ይቆጥራል። እንግዳው ቧንቧ ይጠግን፣ ሒሳብ ይሥራ፣ ሠራተኛ ያሠልጥን። የልጆች ፊት የሚታይበት ፎቶ ለለጋሽ አይላክ።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ሌሊትና ሳምንት

በር አትቆልፉበት። ልጁ መውጣት እንደሚችል ሲያውቅ ነው የሚቀመጠው።

አንድ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ትዝ ይለኛል። ሌሊት ባትሪ ይዤ ስገባ አልጋው ባዶ ነው። ወለሉ ላይ፣ አልጋው ሥር፣ ጫማውን አቅፎ ተኝቷል። የወደቀ መስሎኝ ላነሳው ጎንበስ አልኩ። "አቦ ተወኝ" አለኝ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። ጠዋት ከሸሚዙ ውስጥ የማታው ዳቦ ወጣ። ዳቦውን ወሰድኩበት፤ ጉንዳን እንዳይመጣ ብዬ። በማግስቱ ሄደ። ዛሬ ቢሆን ዳቦውን የሚያስቀምጥበት ክዳን ያለው ዕቃ እሰጠው ነበር። እናንተ ስጡ። ወለል ላይ መተኛት ከፈለገ ምንጣፍ አንጥፉለት። በሳምንት በሁለት ሳምንት ራሱ አልጋው ላይ ይወጣል።

ሌሎቹ የመጀመሪያ ሳምንት ሕጎች፦

ምግብ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ስጡ። በጣም የከሳ ወይም እግሩ ያበጠ ልጅ ካለ ከማብላታችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ያሳዩት።

ፀጉሩን በግድ አትላጩ። ቅማል ካለው አስረዱት፣ ይምረጥ።

ልብሱን ከመጣላችሁ በፊት አብራችሁ ፈትሹ። እኛ አንድ ጃኬት ጣልን፤ ገበሩ ውስጥ የአክስቱ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ነበር። አክስቱን ለማግኘት አራት ወር ፈጀብን።

ታሪኩን አትመርምሩት። በሦስተኛው ቀን የሚነግራችሁና በሠላሳኛው ቀን የሚነግራችሁ አንድ አይሆንም። ሁለቱንም ጻፉ።

ማስቲሽ ያቆመ ልጅ ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ይጣላል። እጁን የሚያስይዝ ሥራ ስጡት፦ ኳስ፣ ውሃ ማጠጣት፣ ሽንኩርት መላጥ።

ቢጠፋስ? በማግስቱ ንጋት የሚያድርበት ቦታ ሂዱ። አትውቀሱ። "አልጋህ አለች" በሉትና ተመለሱ። ሦስትና አራት ጊዜ ወጥቶ የሚመለስ ልጅ ብዙ ነው። ሦስት ሌሊት በተከታታይ ካልተገኘ ለፖሊስና ለቢሮው አሳውቁ።

ደረጃ 8፦ እምነት በቤቱ ውስጥ

ድሬ ላይ ያለ መጠለያ የሙስሊም ልጅም የክርስቲያን ልጅም ያስገባል። ዳቦ የሃይማኖት ዋጋ አይሁን። ልጁ የቤተሰቡን እምነት ይዞ ገብቶ የቤተሰቡን እምነት ይዞ ይውጣ። ይህን ደንባችሁ ላይ ጻፉ፣ ለለጋሽ ላኩ፣ ለሠራተኛ አስፈርሙ። "ስንት ልጅ አመነ?" ብሎ የሚጠይቅ ለጋሽ ካለ ገንዘቡን መልሱ። እናቱ ስሙ የተቀየረ ልጅ ከተረከበች መንደሩ ሁሉ በሩን ይዘጋባችኋል፤ ከዚያ መንደር የሚመጣ ሌላ ልጅ አትመልሱም።

በተግባር የሚያጣላው ሥጋ ነው። ሙስሊሙ የክርስቲያን እርድ አይበላም፣ ክርስቲያኑም የሙስሊም አይበላም። መፍትሔው ቀላል ነው። የጋራው ድስት ሽሮ፣ ምስር፣ ሩዝና አትክልት ይሁን። ለበዓል ከየራሱ ሉካንዳ ይገዛ፤ ድስቱና ማማሰያው ይለይ። በረመዳን ለሚጾሙት ማፍጠሪያ በሰዓቱ ይቅረብ። በዐቢይ ጾም ወተት ለማይጠጣው ሌላ ነገር ይኑር። አርብ መስጊድ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስ ሰው ይመደብ።

ታዲያ የእናንተ እምነት የቱ ጋ ነው? ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ያስመለሰውን ልጅ የሚያጥበው ሰው ጋ። ለአራተኛ ጊዜ ደቻቱ ወርዶ "አልጋህ አለች" የሚለው ጋ። ሠራተኞች ጠዋት አብረው መጸለይ ከፈለጉ ልጆቹ ሳይነሱ ይጸልዩ። ልጅ "እኔም ልምጣ" ካለ በራሱ እምነት የሚያጸልየው ሰው ጥሩለት።

ደረጃ 9፦ ወደ ቤት

ፍለጋው ልጁ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ይጀመር። የቀበሌውን ስም ባያውቅ አይግረማችሁ። የሚያውቀውን ጠይቁት፦ ገበያው የሚቆመው ምን ቀን ነው? ወፍጮ ቤቱ የት ነው? መኪናው ስንት ቦታ ቆመ? ወንዝ ተሻገርክ? መሬት ላይ በጠጠር ሰፈሩን ይሥራ። አንዱ ልጅ በጠርሙስ ክዳን የሠራልን "መስጊድ፣ ትልቅ ዛፍ፣ የሞላ ጉድጓድ" ካርታ ሐረርጌ ውስጥ በቀጥታ እናቱ ደጅ አድርሶናል።

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦

1. መጀመሪያ ያለ ልጁ ሂዱ። ለቀበሌ አሳውቁ፣ የአካባቢውን ሽማግሌ ይዛችሁ ግቡ።
2. ለምን እንደወጣ አጣሩ፦ ዱላ? እንጀራ አባት? ረሃብ? ደላላ? ትምህርት መውደቅ? መልሱ እንደምክንያቱ ይለያያል።
3. ስልክ አገናኙ። እናት ስታለቅስ ልጁ ስልኩን ሊጥለው ይችላል። ነገ ደግሞ ደውሉ።
4. ልጁ እሺ ሲል ብቻ አብራችሁት ሂዱ። አድራችሁ ተመለሱ።
5. በጽሑፍ ተረካክቡ። ቀበሌው ይፈርም፣ ቢሮው ግልባጭ ይያዝ።

ድጋፉ ለቤተሰቡ ይሁን። ለተመለሰው ልጅ ብቻ ጫማና ቦርሳ ከገዛችሁ ታናሽ ወንድሙ "ጎዳና የወጣ ነው የሚለብሰው" ብሎ በሚቀጥለው ወር መናኸሪያ ይገኛል። ደብተር ለሁሉም፣ ለእናቲቱ ለጉልት መነሻ ወይም ሁለት ፍየል።

ቤቱ አደገኛ ሆኖ ከተገኘ አታስገድዱ። አያት፣ አክስት፣ አጎት ፈልጉ። ዘመድ ከሌለ ከቢሮው ጋር ሆናችሁ ሌላ ቤተሰብ ፈልጉለት። ከ15 ዓመት በላይ ለሆነው ልጅ ሙያ ከሚያስተምር ጋራዥ ወይም እንጨት ቤት ጋር ውል ግቡ። ከዚያ በታች ያለውን የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ መቅጠር ይከለክላል።

ከተመለሰ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከዚያም በአንደኛው ወር፣ በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር ጎብኙ። ያለ ቀጠሮ ሂዱ። ደብተሩን እዩ። እናቱን ለብቻዋ፣ እሱንም ለብቻው አናግሩ።

የመጠለያውን ስልክ ቁጥርም አትቀይሩ። ሲመለሱ ልጆቹ በቃላቸው ይዘውት ይሄዳሉ። ከዓመታት በኋላ ከማይታወቅ ቁጥር ሌሊት ይደወላል፤ የሌሊቱ ተረኛ ያንሳ።